ጋሽ ደምሴ እጁን ያወጣ ቀን

ጋሽ ደምሴ ማረፉን የነገረኝ ባለቤቴ መስፍን ነው። ከሥራ ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ በሩ ላይ እንደቆመ «ጋሽ ደምሴ ወደ ጌታ ሄደ» አለኝ። እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ቢላዋውን አስቀመጥኩና ፊቱን አየሁት፤ እሱም አየኝ፤ ከዚያ ሁለታችንም ዓይናችንን ወደ ሌላ ቦታ መለስን። ሰው ሲሞት ሰው ያለቅሳል። እኛ መጀመሪያ ያደረግነው ማፈር ነው። ልቅሶው የመጣው በኋላ፣ ሽንኩርቱ ድስት ውስጥ ከገባ በኋላ ስለሆነ በሽንኩርት ማሳበብ እንኳ አልቻልኩም።

ስለ እሱ ሰው ሲጠይቀኝ ሁልጊዜ አጠር አድርጌ ነው የምመልሰው። «ፍራንክሊንተን ስንኖር አብሮን የኖረ ሰው ነው» እልና ወሬ እቀይራለሁ። ዛሬ ግን ማሳጠሩ ራሱ አሳፈረኝ።

በፈረንጆቹ አቆጣጠር ዘጠናዎቹ ገና መጀመራቸው ነበር። እኔና መስፍን ከተጋባን ብዙም አልቆየንም። እዚህ አሜሪካ፣ ፍራንክሊንተን በሚባለው ሰፈር፣ ከወንዙ ማዶ፣ ከከተማው መሃል ከዳውንታውን ፊት ለፊት፣ አንድ ያረጀ የእንጨት ቤት ተከራየን። ደረጃው ይጮሃል፣ መስኮቱ ነፋስ ያስገባል፣ ግድግዳው ከእኛ በፊት የነበሩት ሰዎች ሲያጨሱበት ኖረው ቢጫ ሆኗል። ቤቱ ለሁለት ሰው ስለሰፋን የሚጋራን ሰው ከቤተ ክርስቲያን ፈለግን፤ ፓስተራችን ጋሽ ደምሴን ላከልን። «ቤታችሁ ተባረከ» አለን። እኛም አመንነው፤ ያላመነ ሰው አልነበረም።

ጋሽ ደምሴ ረጅም፣ ቀጭን፣ አንድ ትከሻው ከሌላው ዝቅ ያለ ሰው ነበር። የሚሠራው ቦውሊንግ መጫወቻ ቤት ነው፤ ከባድ ኳስ አንከባሎ የቆሙ እንጨቶችን መጣል ነው ጨዋታው፣ የቤቱን ጫማ ያላደረገ አይጫወትም፤ ባንኮኒ ላይ ቆሞ ለተጫዋቾች ጫማ ያከራያል፣ ሲመልሱለት ውስጡን መድኃኒት ይነፋበታል። ሥራውን ይወደው ነበር። «ትርሲቴ፣ በእግሩ የሚያፍር ሰው የጫማ ቁጥሩን በሹክሹክታ ነው የሚናገረው» ይለኛል። «እኔም በሹክሹክታ ‹ስንት አልክ?› እለዋለሁ። ጮክ ብዬ ከጠየቅኩትማ ዳግመኛ አይመጣም።» ሰላም ስትለው «ቆሜያለሁ» ነው መልሱ። ደህና ነኝ አይልም፣ እግዚአብሔር ይመስገን እንኳ ከዚያ በኋላ ነው የሚከተለው። «ቆሜያለሁ፣ ተመስገን።»

በቤተ ክርስቲያን ለታመመ የሚጸልየው እሱ ነበር። በደርግ ጊዜ ለእምነቱ ታስሯል። ካድ ቢሉት አልክድም ብሎ ዓመታት ተቀምጧል። በዓመት አንድ ጊዜ ምስክርነት ስጥ ይሉትና ይቆማል፤ ሴቶቹ ገና ሲቆም ማልቀስ ይጀምራሉ፤ እሱ ግን ስለ እስር ቤቱ ብዙም አይናገርም። «ረጅም ነበር» ይላል። «ጌታ ግን አልተወኝም።» ይኼው ነው። አጭር ስለነበረ የበለጠ እናከብረው ነበር፤ ሌላው ምስክርነት ሲጀምር ምሳችን ይቀዘቅዛልና።

ከሥራ ሲመለስ ሲጋራ ሲጋራ ይሸታል። ያኔ ቦውሊንግ ቤት ማለት ጭስ ማለት ነበር፤ አንዱ ኳሱን ወርውሮ እስኪመለስ ሲጋራው ጠረጴዛ ላይ ይጠብቀዋል። እኛም እናዝንለት ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን ትልቋ ሴት እትዬ ዘነበች ኮቱን ሲያሸቱ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። «ምስኪን! የዓለማዊውን ሁሉ ጭስ ሲምግ ይውላል!» እሱ ፈገግ ብሎ ከኪሱ ቅርንፉድ ያወጣና አንድ አፉ ውስጥ ይጥላል። ቅርንፉዱንም የሆዱ ሕመም ነው ብለን ነበር የተረጎምነው። አንድን ሰው ቅዱስ ነው ብለህ ከጀመርክ የቀረውን ሁሉ አንተው ራስህ ትሞላለታለህ።

ልጄ ሊዲያ ከቀኗ ቀድማ ተወለደች። ትንሽ ነበረች፤ እኔ ራሴ ለመያዝ እፈራ ነበር። ጋሽ ደምሴ ግን አይፈራም። ክንዱ ላይ አጋድሞ መዝሙር ይዘምርላታል፣ ግጥሙ ሲጠፋው የጫማ ቁጥር እየገባበት ይቀጥላል። ከእኔም ከአባቷም ይልቅ ለእሱ ትስቅ ነበር። እኔ ዎርዝንግተን የአረጋውያን መጦሪያ እሠራ ስለነበር፣ መስፍን ከሚሠራበት የዕቃ መጋዘን እስኪመለስ ያለችውን ክፍተት የሚሞላልን እሱ ነው። ይህችን ልጅ ይወዳታል ብዬ የማልናገረው መናገር ስለማያስፈልገው ነው።

በረዶው ሲመጣ ሊዲያ ታመመች። መጀመሪያ ንፍጥ ብቻ ነበር። ከዚያ ደረቷ ማፏጨት ጀመረ። ስትተነፍስ ከጎድን አጥንቷ ሥር ቆዳዋ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ ጡት ስሰጣት ትንሽ ትስብና ትንፋሽ ለመሰብሰብ ትተወዋለች። ሆስፒታል ወሰድናት፤ አስተኟት። ዶክተሯ ወረቀት ላይ ሳንባ ሣለችልን። «ቫይረስ ነው» አለች። «አዋቂን ንፍጥ አስይዞ ይተወዋል። እንደሷ ባለ ሕፃን ላይ ግን ወደ ታች ይወርድና እነዚህን ቀጫጭን ቱቦዎች ያሳብጣቸዋል፣ በአክታም ይዘጋቸዋል።»

እትዬ ዘነበች ሥዕሉን አላዩትም፤ ቢያዩትም አይቀበሉትም ነበር። «ብርድ ነው» አሉ። «ጭንቅላቷን ሳትሸፍኚ አወጣሻት፣ በቃ፣ ገባባት። ፈረንጅ የፈለገውን ስም ይስጠው።» እሳቸው ያሉትን ሌላውም አለ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ሴቶቹ ሁሉ መጀመሪያ የሊዲያን እግር ይዳብሳሉ፣ ሙቀቱን ያያሉ፣ ከዚያ ከእግሯ ወደ ፊቴ ቀና ይላሉ። ማንም ክፉ አይናገርም። ግን እኔ የመጀመሪያ ልጇን ብርድ ያስመታች ሴት ሆንኩ። ሽንት ቤት ገብቼ ያለቀስኩት እሑድ ብዙ ነው።

ስለዚህ ብርድን መዋጋት ጀመርኩ። መስኮቱን ሁሉ በላስቲክ አሸግኩ። የሊዲያን አልጋ የፈርነሱ ሙቅ አየር በሚወጣበት ወለል ላይ ባለው ቀዳዳ አጠገብ አስጠጋሁት፤ ሙቀቱ ቀጥታ እንዲያገኛት። ለቤቱ ማሞቂያ የሆነው ፈርነስ ከምድር በታች፣ ቤዝመንት ውስጥ ነበር፤ እየጮኸ ሙቀት ወደ ላይ ይልካል። በዚያ በላስቲክ በታሸገ ቤት ውስጥ ልቤ ትንሽ ተረጋጋ።

ሆስፒታል በተኛችበት በዚያ የመጀመሪያ ጊዜ ዶክተሯ አንድ ነገር ጠይቃን ነበር፤ ቤት ውስጥ የሚያጨስ ሰው አለ ወይ ብላ። መስፍን ደረቱን ነፋ። «እኛ ክርስቲያኖች ነን» አላት። ዶክተሯ ግራ ገብቷት አየችው። «እሺ፣ መልካም» አለች። «የሚያጨስስ አለ?» በአሜሪካ ክርስቲያን መሆን ለዚህ ጥያቄ መልስ እንዳልሆነ መስፍን አልገባውም። «የለም! የለም!» አለ ተቆጥቶ።

ቤት ስንመለስ ይህንኑ እራት ላይ እንደ ቀልድ አወራው። «ታጨሳላችሁ ወይ አለችን እኮ! እኛን! በጌታ ቤት!» ብሎ የዶክተሯን ድምፅ አስመሰለ። እኔ ሳቅኩ። ጋሽ ደምሴም ሳቀ፤ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ።

በሚቀጥለው ዓመት በረዶው ሲመለስ ሕመሙም ተመለሰ፤ በዚህኛው ግን የሳንባ ምች ተጨመረበት። ሊዲያን የላስቲክ ድንኳን ውስጥ አስገብተው ኦክስጅን ለቀቁባት። ጣቷ ላይ ቀይ መብራት ያለው ነገር ታስሯል፤ ቁጥሩ ሲወርድ ማሽኑ ይጮሃል። የጎድን አጥንቷ ይቆጠራል። ዶክተሯ «እናክማታለን» አለች እንጂ «አይዞሽ» አላለችም፤ እኔ የፈለግኩት ግን አይዞሽን ነበር። ልትሞት እንደምትችል ማንም ሳይነግረኝ አወቅኩት።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ የቤተ ክርስቲያን ሰው ጎረፈ። በሕጉ ሁለት ሁለት ሆኖ ነው የሚገባው፤ ነርሷ ለመቁጠር ሞከረችና ተስፋ ቆርጣ ሄደች። ፓስተሩ አለ፣ እትዬ ዘነበች አሉ፣ ከኳየር የመጡ ልጆች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ጋሽ ደምሴ ድንኳኑ አጠገብ ቆሞ ሊጸልይ እጁን ዘርግቷል። እኔ ጥግ ላይ ነኝ፤ እትዬ ዘነበች እግሯን ባይዳብሱ ብዬ እየለመንኩ።

ዶክተሯ የገባችው ያኔ ነው። የሰዉን ብዛት አየች። መስፍንን ለብቻው ልታናግረው ፈለገች፤ እሱ ግን እዚሁ ንገሪኝ አላት። «ባለፈው ጠይቄያችሁ ነበር፤ ደግሜ ልጠይቅ» አለች። «ቤት ውስጥ የሚያጨስ አለ?»

«ነግሬሻለሁ እኮ!» አለ መስፍን። «በእምነታችን የተከለከለ ነው። ይኼ ለእኛ ስድብ ነው።»

«ሁሉንም ሰው ነው የምጠይቀው» አለች ድክም ብሏት። «ጭስ የሕፃን ሳንባን ያዳክመዋል፤ ሌላው ልጅ በንፍጥ የሚያልፈው ነገር ይኼን ልጅ እዚህ ያመጣዋል። ሰዎች ‹እኔ ቤዝመንት ነው የማጨሰው፣ ልጁ ፎቅ ላይ ነው› ይሉኛል። ፈርነሱ ግን የቤዝመንቱን አየር ስቦ ወደየክፍሉ ነው የሚልከው።»

«ምን አለች?» አሉኝ እትዬ ዘነበች። ድምፄን ከፍ አድርጌ ተረጎምኩላቸው፤ ደክሞኝ ስለነበር በግድየለሽነት ነው የተናገርኩት። ከታች ቢጨስ እንኳ ፈርነሱ ስቦ ወደ ላይ ይልከዋል፣ አለች አልኩ። ንግግሬን እንኳ አልጨረስኩም።

ጋሽ ደምሴ እጁን አወጣ። ሊጸልይ የዘረጋውን እጅ ከሊዲያ ላይ አነሳና እንደ ተማሪ ወደ ላይ አወጣው። ማንም አልጠራውም። እንዲያው ቆመ፣ እጁን እንዳወጣ።

«እኔ ነኝ ዶክተር» አለ በእንግሊዝኛ። «እኔ አጨሳለሁ። ቤዝመንት ውስጥ።»

በክፍሉ ውስጥ እንግሊዝኛ የማያውቁት እትዬ ዘነበች ብቻ ነበሩ። ከሳቸው ሊደብቀው ይችል ነበር። አልደበቀም። ዞሮ በአማርኛ ደገመላቸው። «እትዬ፣ እኔ ነኝ። ቤዝመንት ውስጥ፣ ፈርነሱ ሥር ነው የማጨሰው። ጭሱ በትንሿ መስኮት የሚወጣ መስሎኝ ነበር።»

ፓስተሩ ወለሉን አየ። ከኳየሮቹ አንዷ «ኢየሱስ!» አለችና አፏን ያዘች። ያልደነገጠችው ዶክተሯ ብቻ ናት። «አመሰግናለሁ» አለችው። ያን ቀን በዚያ ክፍል ያመሰገነው ሰው እሷ ብቻ ናት።

እኔ ምን አደረግኩ? እኔ ደስ አለኝ። ልጄ ድንኳን ውስጥ ሆና፣ ያ ሰው እጁን እንዳወጣ ቆሞ፣ ከላዬ ላይ አንድ ትልቅ ሸክም ሲወርድ ተሰማኝና ደስ አለኝ። «ሰማችሁ?» ብዬ ጮህኩ። «ብርድ አይደለም! እኔ አይደለሁም!» እትዬ ዘነበች እንዲያዩኝ ፈለግኩ። እሳቸው ግን እሱን ነበር የሚያዩት። ሁሉም እሱን ነበር የሚያየው፤ እኔን ከእነዚያ ዓይኖች ያወጣኝ እሱ መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው።

መስፍን ወጥቶ ወደ ቤት ነዳ። የጋሽ ደምሴን ሻንጣ ሞልቶ በረንዳው ላይ፣ በረዶው ውስጥ አስቀመጠው። ጫማዎቹንም ከጎኑ ደረደራቸው። ይህን እሱ ራሱ ነው የነገረኝ። ጋሽ ደምሴ በአውቶቡስ ደረሰ፣ ሻንጣውን አየ፣ አልተገረመም። በሩን አንኳኳ። «መስፍኔ፣ ሕፃኗ ከመመለሷ በፊት ያን ላስቲክ ቅደድና መስኮቱን ሁሉ ክፈት። አልጋዋንም ከቀዳዳው አርቀው» አለው። መስፍን በሩን ዘጋበት። ከዘጋ በኋላ ግን የተባለውን ሁሉ አደረገ።

ጋሽ ደምሴ በሽማግሌዎች ፊት ቀረበና ከአገልግሎት ታገደ። በሚቀጥለው እሑድ በጉባኤው ፊት ቆሞ እንዲናገር ጠየቁት፤ ተናገረ። በዚያን ቀን ስለ እስር ቤቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ረዘም አድርጎ አወራ። «ሲጋራ የለመድኩት እዚያ ነው» አለ። «ካድ አሉኝ፣ እምቢ አልኩ። ፈርም አሉኝ፣ እምቢ አልኩ። ዓመታት እምቢ ስል ኖርኩ። አንድ ቀን አንድ ወታደር አዝኖልኝ ሲጋራ እንካ አለኝ። እምቢ ማለት አቃተኝ፤ እምቢታዬ አልቆ ነበር።» ከዚያ ተቀመጠ። አሜን ያለ ሰው አልነበረም። ለአሥር ደቂቃ ምስክርነት አሥር አሜን የምንል ሰዎች ያን ቀን ጠፋን።

ሌላ ሰው ቢሆን ከተማ ይቀይር ነበር። እሱ በየእሑዱ መጣ። በሩ አጠገብ ባለው የመጨረሻ ወንበር ላይ ኮቱን ሳያወልቅ ይቀመጣል። «እንዴት ነህ ጋሼ?» ስትለው፣ ካላጨሰ «ዛሬ ቆሜያለሁ» ይላል፤ ካጨሰ ደግሞ «ዛሬ ወድቄያለሁ» ይላል፣ እዚያው ሰው መሃል። ያጨሰበት ቀን ከሆነ ልጅ አጠገብ አይደርስም፤ ልጅ ከተጠጋው ተነስቶ ይወጣል። አንዳንዱ ሰው ይህን ሲሰማ ይሸማቀቃል። የሱ ዕፍረት ለሌላው አስቸጋሪ ነበር፤ መደበቅ ትቶ ነበርና።

ሊዲያ ዳነች። ለክትትል ስወስዳት ዶክተሯን ጠየቅኳት፤ «ያ ሰው ነው ያሳመማት?» አልኳት። «እንደሱ ማለት አልችልም» አለችኝ። «በሽታውን ያመጣው ቫይረሱ ነው። በየበረዶው ወቅት ይመጣል፤ ካንቺም፣ ከሥራሽም፣ ከቤተ ክርስቲያናችሁም ሊይዛት ይችል ነበር። ከቀኗ ቀድማ መወለዷም አለ። ጭሱ ደግሞ በዚህ ሁሉ ላይ አባባሰው። የማን ድርሻ ስንት ነው ብሎ መለየት አይቻልም።»

ይህን ልነግረው ቦውሊንግ ቤቱ ሄድኩ። ኳሱ ይንጎዳጎዳል፣ ጭሱ እንደ ጉም ተንጠልጥሏል። ጋሽ ደምሴ አቀርቅሮ ጫማ ውስጥ መድኃኒት እየነፋ «ስንት ቁጥር?» አለኝ። ቀና ብሎ ሲያየኝ ጫማውን አስቀመጠ። «ትርሲቴ!» አለና ወዲያው ድንግጥ ብሎ «ምን ሆነች?» አለኝ።

«ደህና ናት። ደህና ናት ጋሼ።» ዶክተሯ ያለችውን አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። ስጦታ ይዤለት የመጣሁ መስሎኝ ነበር።

«የኔ ድርሻ ስንት ነው አለችሽ?»

«መለየት አይቻልም አለች።»

«እንግዲያው ሙሉውን ተይልኝ።»

«ለምን ጋሼ? ቫይረስ ነው እኮ። አንተ ብቻ አይደለህም...»

«አትቀንሺልኝ» አለ። አልተቆጣም፤ እየለመነኝ ነበር። «ከቀነስሽልኝ ዛሬውኑ አጨሳለሁ። ትርሲቴ፣ መስፍን የዶክተሯን ነገር ሲያወራ አብሬያችሁ ሳቅኩ። ታስታውሻለሽ? ሲጋራውን ጌታ ይቅር ይለኛል። ያን ሳቅ ግን የት እንደማደርገው አላውቅም።»

አንድ ተጫዋች ጫማ ሊመልስ መጣ፤ ተቀበለው። ወደ ቤት ተመለስ ልለው ነበር የሄድኩት፤ ግማሽ ልቤ ለሱ፣ ግማሽ ልቤ ደግሞ ከራሴ ላይ ያን «እኔ አይደለሁም» የሚል ጩኸት ለማራገፍ። አፌ ላይ ቀረ። «ብቅ በል እንጂ» ብቻ አልኩት። «በር ድረስ እመጣለሁ» አለኝ።

በር ድረስ ማለቱ እውነቱን ነበር። ከዚያ በኋላ በከተማው ውስጥ ሴት ስትወልድ ዳይፐር ይዞ ይሄዳል፣ ግን አይገባም። በረዶ ላይ ቆሞ «እንኳን ጌታ ረዳሽ» ይላታል፣ በእኛ ዘንድ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አይባልምና፤ ከዚያ የቤቱን ሰው ሁሉ በዓይኑ እየቃኘ «እዚህ ቤት የሚያጨስ ማነው?» ይላል። ሰው ይሳደባል። «ጋሼ፣ ይኼ የጌታ ቤት ነው!» ሲሉት «የኔም የጌታ ቤት ነበር» ይላቸዋል። አንድ ቀን ዎርዝንግተን አንድ አፓርትመንት በር ላይ ይህንኑ ሲጠይቅ ከውስጥ የኳየር መሪያችን ጆሮው ቀልቶ ያለ ጃኬት ወጣ። ሁለቱ ፓርኪንግ ሎቱ ውስጥ ረጅም ሰዓት ሲያወሩ አራሷን ልጠይቅ የገባሁት እኔ ከመስኮት አየኋቸው። ምን እንደተባባሉ አልጠየቅኩም።

እትዬ ዘነበች ይቅርታ ጠይቀውኝ አያውቁም። ግን አንድ ጊዜ አራስ ሴት ጋ ቁጭ ብለን አንዲት እንግዳ ሕፃኑን ልትስም ስታጎነብስ «ተይ አንቺ! ንፍጥሽ እየወረደ! ቫይረስ የሚባል ነገር አለ!» ብለው ሲጮሁባት ሰማኋቸው። ቀና ብለው አዩኝና ወዲያው ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመሩ። ለኔ በቃኝ።

የዘጠናዎቹ መጨረሻ ላይ፣ በበጋ፣ ቤተ ክርስቲያናችን አፐር አርሊንግተን አንድ ፓርክ ውስጥ ፒክኒክ አደረገች። ሊዲያ ትምህርት ቤት ገብታለች፤ ረዝማለች፣ ትሮጣለች፣ ከእንግሊዝኛ ውጪ አፏን አትከፍትም። ያን ቀን ጥርሷ ወልቆ ለሁሉም ሰው ስታሳይ ውላ፣ ለጋሽ ደምሴ ሳታሳየው መቅረቷ ትዝ አላት። እሱ ብቻውን ጫፍ ላይ ዛፍ ሥር ቆሟል። «ጋሼ! ጋሼ!» እያለች ወደሱ ሮጠች።

እሱ ሁለት እጁን ወደፊት ዘርግቶ ወደ ኋላ ሸሸ። ሊዲያ ጨዋታ መሰላት። ተከተለችው። እሱ ዞሮ ሮጠ። ያ ረጅም ሽማግሌ ትከሻው አዘንብሎ በጠረጴዛዎቹ መሃል ሲሮጥ፣ ልጄ ከኋላ ከኋላው እየሳቀች ስታባርረው፣ ሰው ሁሉ ሳህኑን ይዞ ሳቀ። መስፍን ሳቀ። እኔም እስካነባ ሳቅኩ። ጠረጴዛውን ዞሮ በእኛ በኩል ሲያልፍ ግን ፊቱን አየሁት።

«ዛሬ አይሆንም ሊዲያ!» አለ እያለከለከ። «አጭሻለሁ! ዛሬ አጭሻለሁ!»

ሳቁ ተቆረጠ። ፓስተሩ ሹካውን አፉ አጠገብ እንደያዘ ቀረ። ጋሽ ደምሴ መሮጥ አቅቶት ቆመ። ሊዲያም ቆመች፤ የሰዉ ዝምታ ግራ ገባትና ወደኔ ዞረች። «ማሚ፣ ምን አለ?» አለችኝ በእንግሊዝኛ።

ለሷ ነግሬያት አላውቅም ነበር። ያን ቀን በሰው ሁሉ ፊት ነገርኳት። ዛሬ ሲጋራ አጭሷል፣ ሕፃን ሆነሽ ሳንባሽ ታሞ ነበር፣ ጭሱ እንዳይነካሽ ብሎ ነው የሚሸሽሽ አልኳት።

አሰበች። ከዚያ የቻለችውን ያህል አየር ሳበች፣ ከንፈሯን ገጠመች፣ ጉንጮቿን እንደ ፊኛ ነፋች፣ ሄዳም ወገቡ ላይ ተጠመጠመች።

ጋሽ ደምሴ ሁለት እጁን ወደ ላይ እንዳነሳ ቀረ። «ልቀቂኝ» አላት። «እናቴ፣ ተንፍሺ፤ ኧረ ተንፍሺ!» ራሷን በአሉታ ነቀነቀች፤ ፊቷ መቅላት ጀመረ፣ ግን አልለቀቀችውም። ያኔ እሱም ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ አፉን ገጠመና እጁን ቀስ አድርጎ ራሷ ላይ አሳረፈ። ሁለቱ ትንፋሻቸውን ይዘው ቆሙ። የምንተነፍሰው እኛ ብቻ ነበርን።